ለጤፍ ያጣራሁት አየር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጊንጪ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ትንሽ ዝግጅት ተደረገልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩም ተነስተው "እትዬ አስቴር የኬሚስትሪ ዕቃ ክፍላችንን እንደ ቤታቸው ጠብቀው የኖሩ እናት ናቸው" አሉ። ውሸት አይደለም። ብልቃጥ አጥቤያለሁ፣ አሲድ ቀድቻለሁ፣ ተማሪ የሰበረውን ጠርጌያለሁ። ሰዉ ሲያጨበጭብ ግን እኔ ሌላ ነገር አስብ ነበር። ከዚያ ዕቃ ክፍል በፊት አምቦ ውስጥ ሌላ ሥራ ነበረኝ፤ አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው መካከል ያንን ሥራ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። የሚያውቁት ወይ ሞተዋል ወይ ርቀዋል። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳጥፍ፣ ካልጻፍኩት ከእኔው ጋር እንደሚቀር ታወቀኝ።

አምቦ የሄድኩት ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ በወጣትነቴ ነው። አንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የላቦራቶሪ ረዳት ይፈልጋል ተባለና ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከአስተማሪ ያንሳል፣ ከተላላኪ ይበልጣል። መጀመሪያ የተመደብኩት አፈር ክፍል ነበር። ከየወረዳው በከረጢት የሚመጣ አፈር እዘረጋለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እነፋለሁ። አለቃዬ ሰው ናቸው፣ ክፉ አይደሉም፤ ጠዋት ገብተው ማታ እስኪወጡ ግን ከአፋቸው ቃል አይወጣም። የተከራየሁት ክፍል ከአዴ ብርቄ ግቢ ውስጥ ነበር። አዴ ብርቄ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጠላ የሚሸጡ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ቀላቅለው የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ማታ ማታ ከእሳቸው ጋር መጫወት ባይኖር ኖሮ ድምፄን የምረሳ ይመስለኛል።

ዶክተር ቻኮ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሕንዳዊ ናቸው፤ ከኬረላ። ቀጭን፣ ጠይም፣ ጢማቸውን በየቀኑ የሚላጩ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ ሰው። ሚስታቸውና ልጆቻቸው አገራቸው ናቸው። ከግቢው ጀርባ፣ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወርደው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አንድ ክፍል ተሰጣቸውና የሚረዳቸው ሰው ጠየቁ። ዲሬክተሩ እኔን ላኩኝ። ሌላ ማንም እሺ እንዳላለ የሰማሁት ኋላ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ተክል ከአየር ላይ ካርቦን ወስዶ ስኳር ይሠራል። መጀመሪያ ምን እንደሚያደርገው፣ በየትኛው ሰዓት ምን ያህል እንደሚወስድ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ጨረር የሚሰጥ ካርቦን ያለበት ጋዝ ይሰጠዋል። ተክሉ ልዩነቱን አያውቅም፤ እንደ ሌላው አየር ይወስደዋል። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ግን ካርቦኑ የደረሰበትን ቦታ ሁሉ ጨረሩ ያሳብቃል። ዶክተር ቻኮ ይህንን በጤፍ ላይ መሞከር ፈለጉ። "ስንዴን ሁሉም አይቶታል፤ ጤፍን ማንም አልጠየቀውም" ይሉ ነበር።

ጋዙ እንደ ጋዝ አይመጣም። በታሸገች ቀጭን ብልቃጥ፣ ኖራ የሚመስል ነጭ ዱቄት ሆኖ ነው ከውጭ የሚላከው። ጋዙን ከዱቄቱ ማውጣትና ማጣራት የእኔ ሥራ ሆነ። ግድግዳውን ሙሉ የያዘ እርስ በርሱ የተያያዘ የመስታወት ቧንቧ ነበር፣ በየመገጣጠሚያው መዝጊያ ያለው። መጀመሪያ ፓምፑ በውስጡ ያለውን አየር ሁሉ ይመጥጣል። ከዚያ ዱቄቱ ላይ ከላይ አሲድ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ዱቄቱ ይፈላል፤ ጋዙ ይወጣል፤ አብሮት ግን እንፋሎት፣ የአሲድ ጉም፣ የተረፈ አየርም ይወጣል። ይህን ሁሉ መለየት ነው ማጣራት። ጋዙን መጀመሪያ በጣም በቀዘቀዘ አልኮል ውስጥ በተነከረ ቧንቧ እናሳልፈዋለን፤ እንፋሎቱ እዚያ አመዳይ ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ወደተነከረው ቧንቧ ይገባል። እዚያ ጋዙ ራሱ በረዶ ይሆናል፤ መስታወቱ ላይ እንደ ነጭ ቀለበት ይቀመጣል። አየር ግን በረዶ አይሆንም፤ ስለዚህ መዝጊያውን ከፍቶ በፓምፕ ማስወጣት ነው። ናይትሮጅኑ ሲነሳ ቀለበቱ ሳይቀልጥ ይጠፋል፤ እንደገና ጋዝ ሆኗል። ወደሚቀጥለው ቧንቧ ይሻገራል፣ እንደገና በረዶ ይሆናል፣ እንደገና ይጣራል። ያ ነጭ ቀለበት ሲታይ እስትንፋሴን እይዝ ነበር። ከዚያ የበለጠ ንጹሕ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም።

ናይትሮጅኑን ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር የሚያመጣው ሾፌራችን ኦቦ ደቻሳ ነበር። በየመንገዱ እየተነነ ስለሚያልቅ ሆለታ ላይም ጊንጪ ላይም ቁርስ አይበላም፣ ሰውም አይጭንም። ትልቁን ቴርሞስ በገመድ አስሮ፣ ከሥሩ ጭድ አድርጎ፣ ሕፃን እንደያዘ ሰው ጉድጓዱን እየሸሸ ይነዳል። ሲያስረክበኝ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይኸው ጭሱ እንዳለ ነው" ይለኛል።

ከዶክተር ቻኮ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልማዳቸው ነው። ወደ ቧንቧው ከመጠጋታቸው በፊት ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። መዝጊያ ሲከፍቱ ሁልጊዜ ግራ እጃቸው መስታወቱን ከሥር ይደግፋል። የሚከፍቱትን መዝጊያ ስም ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ከዚያ ይከፍታሉ። መዝጊያው ቅባት ሲያንሰው ከድምፁ ያውቁታል። ከአማርኛ መጀመሪያ የያዙት ቃል "ቀስ" ነው፤ ለእኔም ለዘበኛውም ለዲሬክተሩም "ቀስ፣ ቀስ" ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ ቧንቧ በእጄ ተሰበረ። እየሮጡ መጡና መስታወቱን አላዩም። "እጅሽን አሳዪኝ" አሉ። መዳፌን አገላብጠው አይተው ሲጨርሱ ነው ስለ ቧንቧው የጠየቁት።

ከተማው ግን ሥራችንን አልወደደውም። "ሕንዱ መርዝ ያፈላል" ተባለ። ጨረር የሚለው ቃል ከየት እንደደረሳቸው አላውቅም፤ ስለ ቦምብ የሰማ ሰው ይሆናል ያወራው። ገበያ ላይ ሴቶች ከአጠገቤ ፈቀቅ ይላሉ። ከሁሉ የቆረጠኝ የአዴ ብርቄ ነገር ነው። አንድ ቀን ማታ እንደ ወትሮው ጠላ ሲቀዱልኝ ጣሳው አዲስ ነበር፤ ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።

"ይሄ ምንድነው፣ አዴ?" አልኳቸው።

"ያንቺ ነው። ደንበኞቼ ይፈራሉ፣ ልጄ። እኔ አልፈራም፤ እነሱ ናቸው።"

የዚህ ካርቦን ጨረር ወፍራም ወረቀት እንኳን እንደማያልፍ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣሳው ግን የእኔ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን መጠጣት ጀመርኩ።

በዚያን ጊዜ ኃይሉ የሚባል ጉደር የሚያስተምር ልጅ ሊያገባኝ ፈልጎ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ወንዝ ዳር እንሄዳለን። ሰው የሚስቅበትን ነገር የሚያውቅ፣ ደግ ልጅ ነበር። ሽማግሌ ሊላክ ሲባል እናቱ መጡ። ከቤቴ ደጃፍ አላለፉም። ቆመው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "ልጄ፣ ትወልጂያለሽ?" አሉኝ።

"ለምን አልወልድም፣ እማማ?"

"እዚያ ቤት የገባች ሴት ማህፀኗ ይደርቃል አሉኝ። ሥራውን ተዪና ነገ ሽማግሌ እልካለሁ።"

ኃይሉ አጠገባቸው ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ወንዝ ዳር ስንሄድ "እናቴን ታውቂያታለሽ፤ ተዪላት" አለኝ። ጤፉ እስኪታጨድ ጠብቀኝ አልኩት። እሺ አለ።

ያን ዓመት ሥራችን የተሳካ መስሎን ነበር። ጤፉን የዘራነው ከክፍሉ በታች ባለው ጎድጓዳ መደብ ላይ ነው። በበቀለበት ላይ ደወል የምንለውን የመስታወት ክዳን እንደፋበታለን፣ ጠርዙን በሰም እናሽጋለን፣ ያጣራሁትን ጋዝ እንለቅበታለን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቅጠሉ ተቆርጦ ይደርቅና ጨለማ ውስጥ ራጅ ፊልም ላይ ይጫናል። ፊልሙ ሲታጠብ የቅጠሉ ምስል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የቀትሩ ቅጠል እንደ ከሰል ጠቆረ። የንጋቱ ግን እንደ ጭስ ሳሳ። ደጋግመን ሠራነው፤ ያው ነው። ጤፍ ንጋት ላይ ሰነፍ ነው ማለት ነው፤ ካርቦን መውሰድ የሚጀምረው ፀሐይ ጠንክራ ስትወጣ ነው። ዶክተር ቻኮ ጽሑፋቸውን ውጭ ላኩት፤ ተቀበሏቸው። በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ቀርበው እንዲያነቡትም ተጋበዙ። ዲሬክተራችን ከደስታቸው ብዛት በግ አረዱ። የዶክተር ቻኮ ውል የሚታደሰውም በዚሁ ሥራ ነበር።

ዶክተር ቻኮ ወደ ስብሰባው ሊሄዱ ሲሉ አንድ ተጨማሪ የንጋት ሙከራ እንሥራ አሉ። ጥቅምት ነው፣ ነፋስ የለም፣ ሣሩ ጤዛ ተሸክሟል። ሰሙን የማቀልጥበትን የአልኮል መብራት ሁልጊዜ የምለኩሰው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ያን ቀን የጠረጴዛው እግር ተሰብሮ ስለነበረ መብራቱን መደቡ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጥኩና ተንበርክኬ ክብሪት ጫርኩ። ጠፋ። ሌላ ጫርኩ፤ ጠፋ። ነፋስ የለም። ቆሜ ስጭረው ነደደ። ይዤው ዝቅ ስል፣ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ አንድ ሰው እፍ እንዳለው ጭልም አለ። ራሴን ከበደኝ። በየንጋቱ ይከብደኝ ነበር፤ እንቅልፍ ነው እያልኩ እተወው ነበር።

"ዶክተር" አልኩ፣ "ክብሪት መሬት ላይ አይነድም።"

መጡ። ራሳቸው ጫሩ። መብራቱን ቆመው ለኩሰው ቀስ ብለው አወረዱት፤ ጠፋ። እንደገና ለኮሱ፣ እንደገና አወረዱት፤ ጠፋ። ከዚያ ጤዛው ላይ እንዳሉ ቁጭ አሉ።

የአምቦ ሰው ሁሉ ጠበላችን ለምን እንደሚፈላ ያውቃል፤ ከመሬቱ ሥር ጋዝ አለ። እኛ በስንት ድካም የምናጣራው ያው ጋዝ፣ ጨረር የሌለው፣ ከመሬቱ እየወጣ ሌሊቱን እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ይተኛል። ከአየር ስለሚከብድ አይነሳም። ረፋድ ላይ ነፋስ ሲመጣ ይጠርገዋል። ስለዚህ ንጋት ላይ ደወሉን ስንደፋ የምንደፋው በጋዝ ኩሬ ላይ ነበር። ጤፉ ሰነፍ አልነበረም። ሲወስድ ነበር፤ የእኛን ጠብታ ሳይሆን የመሬቱን ሙላት።

"ስንቱ ሙከራ ነው የተበላሸው?" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

"የንጋቱ ሁሉ።"

"አዎ" አሉ። "የንጋቱ ሁሉ።"

ዲሬክተሩ ቢሮ አብሬያቸው ገባሁ፤ የሚተረጎም ነገር ካለ ብለው ነው። ዲሬክተሩ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ተነስተው በሩን ዘጉ።

"ዶክተር፣ ጽሑፉ ተቀባይነት አግኝቷል። በጀታችን በእሱ ላይ ነው የቆመው። ወደ ስብሰባው ይሂዱ፣ ያንብቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያሻሽሉት። ማን አምቦ ድረስ መጥቶ መሬት ላይ ክብሪት ይጭራል?"

"እርስዎ ለዚህ ጣቢያ የለፉትን አውቃለሁ" አሉ ዶክተር ቻኮ። "ግን ከእኔ በኋላ ጤፍን የሚያጠና ሰው ከእኔ ጽሑፍ ነው የሚጀምረው። ዓመታቱን አበላሽበታለሁ።"

በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄደው ጽሑፌን አንስቻለሁ፣ አይታተም የሚል ቴሌግራም ላኩ። ስብሰባው ቀረ። ውላቸው አልታደሰም። በዲሬክተሩ አልፈርድባቸውም፤ እሳቸውም ከበላያቸው የሚጠይቃቸው ነበር።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኋቸው። ሌላ የሸኛቸው ሰው ኦቦ ደቻሳ ብቻ ነው። ሻንጣቸውን አንስቶ ጣሪያው ላይ ሲያስርላቸው "ቀስ፣ ቀስ" አሉት፤ ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ አውቶቡሱ ወደ ጊንጪ መንገድ ወጣ። ወደ ላቦራቶሪው ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ፓምፑ ጠፍቷል። ያ ክፍል እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር።

ኃይሉ ቅዳሜ መጣ። "አበቃ አይደል እንግዲህ? ሰውዬው ሄደ። ተዪውና ሽማግሌ እንላክ" አለኝ።

"ቁም ሣጥን ውስጥ አንዲት ያልተከፈተች ብልቃጥ አለች" አልኩት። "አንድ ምርት ብቻ ጠብቀኝ። ደህና መሬት ላይ አንድ ጊዜ ልሥራው።"

"ለማን ብለሽ?"

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሼ አስቤዋለሁ። ያን ቀን ያልኩት "ጤፉ ሰነፍ ነው ብለን ጽፈናል፤ አይደለም" ብቻ ነው። ሳቀ፤ የንቀት ሳቅ አልነበረም። ግን ተቀይሮ ነቀምት ሄደ፤ የሚቀጥለው ፋሲካ ላይ እንዳገባ ሰማሁ።

ዲሬክተሩ "ጨርሺውና ክፍሉን እንረከብሻለን" ብለው ፈቀዱልኝ። ኦቦ ደቻሳ ወደ ወንጪ በሚያወጣው ዳገት ላይ ቤተሰቦቹ የሚያርሱት ማሳ ነበረው። ከጫፉ ትንሽ ሰጠኝ። ናይትሮጅኑንም እንደ ድሮው ሳይጭን፣ ሳይቆም አመጣልኝ። ዱቄቱን ሙሉ ቀን አጣራሁት። የመዝጊያዎቹን ስም ጮክ ብዬ እየጠራሁ ነበር የምከፍተው፤ የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ሁለቴ አጣርቼ ነጩን ቀለበት ሳየው ደህና ነው አልኩ። ሦስተኛ ጊዜም አጣራሁት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ኦቦ ደቻሳ ማሳው ዳር አወረደኝና ዲሬክተሩን ሊያደርስ ተመለሰ። ዳገቱ ላይ ማንም የለም። ከሩቅ አንድ ሰው ፈረሱን እየሳበ በእግር መንገዱ ያልፋል። መጀመሪያ ተንበርክኬ ክብሪት ጫርኩ፤ መሬቱ ላይ እንደያዝኩት ጣቴን እስኪያቃጥለኝ ነደደ። ደወሉን ደፋሁ፣ አሸግሁ፣ ጋዙን ለቀቅሁ። ቅጠሉን ቆርጬ አስቀመጥኩ። ቀትር ላይ ሌላውን ሠራሁ። በመሃል ያለውን ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጤፉን ሳይ ቆየሁ።

ፊልሞቹ ቅጠል ታቅፈው ጨለማ ውስጥ ሳምንታት ቆዩ። አውጥቼ አጠብኳቸው። የቀትሩ እንደ ከሰል ጥቁር ወጣ። የንጋቱም ከእሱ እምብዛም አይለይም፤ ጫፉ ድረስ ጠቁሮ ነበር። ጨረር በሚቆጥረው መሣሪያም ለካሁት፤ ተቀራረበ። ጨለማው ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት ብቻዬን ቆሜ "ይኸው!" ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ዘበኛው እንጨት ይፈልጣል። የምነግረው ምን እንደሆነ እያሰብኩ አልፌው ሄድኩ።

ዲሬክተሩ ፊልሞቹን አዩና "ጥሩ ነው" አሉ። ክፍሉን ተረከቡኝ። የቀረውን ጋዝ መልሼ ነጭ ዱቄት አድርጌ፣ እንደ ደንቡ አሽጌ አስረከብኩ። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ በጨርቅ ጠቀለልኳቸው። እኔ ጊንጪ ተዛወርኩ፤ አባቴም ታሞ ስለነበረ አልከፋኝም።

ጊንጪ ሚስተር ጆን የሚባል ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፣ እሱም ከኬረላ። ክረምት ላይ አገሩ ሲሄድ ፊልሞቹን ሰጠሁት። ዶክተር ቻኮ የት እንደሚኖሩ አላውቅም፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ያለበትን ከተማ ስም ብቻ ሲያነሱ ሰምቻለሁ አልኩት። "ትንሽ አገር ነው፣ እጠይቃለሁ" አለኝ። ሲመለስ መስከረም ነው፤ ንጉሡ ወርደው ነበር፤ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ሥር ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እየሮጠ መጣ።

"አገኘኋቸው!" አለኝ። "ሕፃናት ያስተምራሉ። ቤታቸው ድረስ ሄድኩ።"

"አዩት?"

"መስኮቱ ላይ አድርገው ሁለቱንም አዩ። ብዙ ቆዩ። ሚስታቸውን ጠርተው አሳዩ። 'ጤፍ ነው' አሏቸው። ሚስታቸው ምን ያውቃሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።"

"ከዚያስ? ምን አሉ?"

"አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። 'ይህንን ስትሠራ ማን አብሯት ነበር?' አሉ። ማንም አልነበረም ብለሽ ነግረሽኝ ስለነበረ፣ ያንኑ ነገርኳቸው።"

"እና?"

"'ሥራው ትክክል ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው በላት' አሉ። ከዚያ ፊልሞቹን ጠቅልለው፣ 'ብቻዋን ማድረግ አልነበረባትም፤ አጠገቧ መሆን ነበረብኝ' አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።"

ደወል ተደወለ። ሚስተር ጆን ጠመኔውን አንስቶ ወደ ክፍሉ ሮጠ። እኔም ዕቃ ክፍሉን ከፈትኩ፣ ገንዳውን ውኃ ሞላሁ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ የጠዋቱን ብልቃጥ ማጠብ ጀመርኩ። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ማንም አልመጣም።